ሙስቁል የሚባሉት ከንቲባ

ባለፈው ሳምንት ሐርጌሳ፣ 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ገመድ ስወጥር፣ አብሮኝ የሚሠራው ደሳለኝ ሳቀብኝ። ገና ጠዋት ነው። ሲሚንቶው ተቦክቷል፤ ውሃ የነካው አቧራ ይሸታል። ይህ ሽታ ለእኔ ከሽቶ ይበልጣል፤ ልጆቼን ያሳደግሁት በእሱ ነው። የመጸዳጃ ቤቱን መሠረት ልናስቆፍር ስለነበር የቤቱን ባለቤት ጠርቼ፣ «ወላል፣ ወንድሜ፣ ቂብላ በየት በኩል ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም እጃቸውን ወደ ሰሜን ዘርግተው፣ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል አድርገው፣ መካ ያለችበትን አሳዩኝ። ደሳለኝ፣ «ጋሽ በላቸው፣ ሊሰልሙ ነው እንዴ?» አለኝ። ማተቤን ከአንገቴ ሳብ አድርጌ አሳየሁትና ወደ ሥራው መለስኩት። እውነቱን ለመናገር አቅጣጫው ጠፍቶኝ አይደለም፤ በዚህ ከተማ ስንት ቤት ገንብቻለሁ። ደሳለኝም ቢሆን ስልኩ ላይ የሚያሳይ ነገር አለው። ግን ገመድ ከመወጠሬ በፊት ሰው መጠየቅ ልማዴ ሆኗል። ልማዱ የመጣው ከአንድ ጥፋት ነው፤ ያን ጥፋት ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ የተሸከሙልኝ ሌላ ሰው ናቸው።

ሐርጌሳ የገባሁት በድንበሯ ከተማ በቶጎ ውጫሌ በኩል፣ በጭነት መኪና ላይ፣ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ብቻ ፀጉሬ ጥቁር ነበር። የለበስኩት ካኪ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ሁለቴ ተጥፏል፤ በከረጢቴ ውስጥ ካዙላ፣ ቱንቢና ውሃ ልክ አለኝ፤ ሌላ ንብረት አልነበረኝም። ከተማዋ ያኔ ጣሪያ የሌላቸው ግድግዳዎች ከተማ ነበረች፤ ከስደት የተመለሰ ሰው ሁሉ ያገኘውን ድንጋይ እያነሣ ይገነባል። ለግንበኛ ከዚህ የተሻለ አገር ከየት ይገኛል? ገንዘብ ለዋጮች ሽልንጉን እንደ ጡብ ደርድረው መንገድ ዳር ተቀምጠዋል፤ ለሶላት ሲሄዱ ጨርቅ ጣል ያደርጉበትና ይሄዳሉ፣ የሚነካው የለም። የግመል ወተት ያለበት ሻይ በጥቂት መቶ ሽልንግ ይጠጣል። ዛሬ ሽልንጉን የሚይዘው ሰው ጥቂት ነው፤ ለማኙ እንኳ የስልክ ቁጥሩን ነው የሚነግርህ። አሕመድ ዳጋህ የሚባለው ሰፈር መታጠፊያ ላይ ካሴት የሚሸጥ ሱቅ ነበር፤ ኡድ የሚደረደርበት ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይለቅቃል። ቃሉ አይገባኝም ነበር፤ ሆኖም አገሬን ያመጣብኛል። ዛሬ ቦታው ላይ የስልክ ማሳያ መስታወት ተደርድሯል፤ በዚያ ሳልፍ ግን ጆሮዬ አሁንም ኡዱን ይጠብቃል።

በዚያ መታጠፊያ ሻይ እየጠጣሁ ነው ከንቲባ ሂርሲ ያገኙኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው በሒና የቀላ ሰው ናቸው። ሽርጥ ታጥቀዋል፤ ከላይ በጥንቃቄ የተተኮሰ ቡናማ ኮት ደርበዋል፤ እጃቸው ላይ ከዘራ አለ። ከረጢቴ ውስጥ ያለውን ውሃ ልክ አዩና በጠራ አማርኛ፣ «ግንበኛ ነህ ወይስ ሻጭ?» አሉኝ። አማርኛ መስማቴ ብቻ ዓይኔን እንባ ሞላው። ልጅነታቸውን ድሬዳዋ አጎታቸው ሱቅ ውስጥ አሳልፈው፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአማርኛ ተምረዋል፤ ተረት ከእኔ በላይ ያውቃሉ። «የአንዲት ትንሽ ከተማ ከንቲባ ነኝ» አሉኝ። «ትንሽ ስልህ በጣም ትንሽ። አንድ ሰው ካስነጠሰ ሁሉም ይማርህ ይለዋል።» በማግስቱ አብሬያቸው ሄድኩ።

ከተማዋ ከሐርጌሳ ወደ ምዕራብ፣ በደረቅ ወንዝ ዳር ያለች ናት፤ ስሟን ልለፈው። የከንቲባው ቢሮ አንድ ክፍል ነው፤ የጠረጴዛው አንድ እግር አጭር ስለሆነ ድንጋይ ተደርጎለታል። እሳቸው ግን የሚውሉት ደጅ ካለው ግራር ሥር ነው። «ቢሮው ለወረቀቱ ነው፤ እኔ ለሰው ነኝ» ይላሉ። እኔ ባደግሁበት አገር ሹም ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሣል። እዚህ ግን ፍየል ነጂው ይመጣና ከጎናቸው ቁጢጥ ብሎ፣ በስማቸው ጠርቶ፣ ቧንቧው ለምን አልተጠገነም ብሎ ይቆጣቸዋል። እሳቸውም እንደ ተማሪ ያዳምጣሉ። መጀመሪያ ንቀት መስሎኝ በእሳቸው ፋንታ ተናደድኩ። ቀስ እያለ ነው መደነቅ የጀመርኩት።

ያመጡልኝ ሥራ የገበያ መጸዳጃ ቤት ነበር። በዚያ ገበያ ወተትና አትክልት የሚሸጡት ሴቶች ናቸው፤ ከንጋት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ መሄጃ የላቸውም። ብዙዎቹ በዚያ ሐሩር ውሃ እንኳ አይጠጡም ነበር። ከንቲባው ሲመረጡ የገቡት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው፤ ሌሎቹ መንገድና መብራት ሲሉ እሳቸው መጸዳጃ ቤት አሉ፤ ተስቆባቸዋል። ከተማሪ ደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ስድስት ክፍል ሣሉልኝ። ከዚያ ለሥራ ወደ ሐርጌሳ ሲሄዱ፣ «ግድግዳውን አንሣ፤ የበሩንና የመቀመጫውን ነገር ስመለስ እንነጋገራለን» አሉኝ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያሉኝ።

እኔ ግን ልቤ ሥራ ሥራ ይላል። ሳይመለሱ ጨርሼ ላስደንቃቸው ፈለግሁ። መስጊዱ ከግንባታው በስተደቡብ ነው፤ የመጸዳጃ በር ወደ መስጊድ አይከፈትም ብዬ ስድስቱንም በሮች ወደ ሰሜን አዞርኳቸው። ወደ ምሥራቅ ደግሞ አላደረግሁም፤ እኛ የምንጸልየው ወደ ምሥራቅ ነውና፣ እነሱም እንደዚያው መስሎኝ። ሰው ገብቶ ሲቀመጥ ፊቱ ወደ በሩ ነው። ሁለቱ ሠራተኞቼ እንደ እኔው ከደጋ የመጡ ስለሆኑ አንዳችን አልነቃንም። በአክብሮት ላይ አክብሮት ጨምሬ፣ ስድስቱንም መቀመጫ ፊት ለፊት ወደ መካ አድርጌ በሲሚንቶ አሰርኩት። በሮቹን ሰማያዊ ቀባሁ። እንዴት እንዳማረብኝ ብነግራችሁ!

ከንቲባው የተመለሱት በምርቃቱ ቀን ጠዋት፣ የወተት ሻጮቹን ጀሪካን በጫነ መኪና ነው። በሮቹን ሲያዩ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። ምንም ሳይሉኝ ሰው ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ ሼኽ መርቀው ሊከፍቱ ገቡና፣ መቀመጫውን አዩ፣ ዞረው በሩን አዩ፣ «አስተግፊሩላህ!» ብለው ወጡ። በእስልምና ሰው ለዚያ ጉዳይ ሲቀመጥ ፊቱንም ጀርባውንም ወደ ቂብላ ማድረግ የለበትም። ይህን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ያውም ከሰው ጩኸት። «ማን ነው የሠራው?» «ሐበሻው ነው!» «ሆን ብሎ ነው!» ሰው ከበበኝ፤ አንዱ ከረጢቴን ቀማኝ። ያኔ ሶማልኛዬ ዳቦና ውሃ ከመጠየቅ አያልፍም፤ በምን አፌ ላስረዳ?

ከንቲባው በሰው መሃል አልፈው መጡና ከኪሴ ያን ወረቀት አወጡ። ከፍ አድርገው አሳዩ። የተናገሩት ያኔ አልገባኝም፤ በኋላ ነው ያስተረጎምኩት። «እጄ ይኸው። ሥዕሉን የሣልኩት እኔ ነኝ። በዚህ በኩል ይሁን ያልኩትም እኔ ነኝ። ይህ ሰው የታዘዘውን ሠራ» አሉ። አንዱ፣ «በቀን አምስት ጊዜ ትሰግዳለህ፤ ቂብላን አታውቅም?» አላቸው። «ተሳሳትኩ» አሉ። «ከንቲባ ይሳሳታል።» ከዚያ ፋዱማ የምትባል ወተት ሻጭ፣ ድምፅዋ ገበያውን የሚሞላ ሴት፣ ጀሪካኗ ላይ እንደተቀመጠች «ሙስቁል!» ብላ ጮኸች። ሙስቁል በሶማልኛ መጸዳጃ ቤት ማለት ነው። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። በዚህ አገር ቅጽል ስም አንዴ ከወጣ መቃብር ድረስ ይከተላል፤ አንካሳውን አንካሳ፣ ዓይነ ሸውራራውን ሸውራራ ብለው ፊት ለፊት ይጠሩታል። ከንቲባ ሂርሲ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሙስቁል ሆኑ። እኔም ከረጢቴ ተመለሰልኝ።

ቡናማ ኮታቸውን አውልቀው ግራሩ ላይ ሰቀሉና ዶማ አነሡ። የሠራሁትን መቀመጫ ማፍረስ የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ከንጋት ሶላት በኋላ እየመጡ አብረውኝ አፈረሱ፣ አብረውኝ አቦኩ፤ መዳፋቸው ቆሰለ። በሦስተኛው ቀን አልቻልኩም፤ አለቀስኩ። «ጌታዬ፣ ለምን? ልንገራቸው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። ዶማውን ተደግፈው፣ «በላቸው፣ አንተን እዚህ አገር የሚያውቁህ በግድግዳህ ነው። ግድግዳህ ከተነቀፈ አንተ የለህም። እኔን ግን በሌላም ያውቁኛል፤ አባቴን ያውቃሉ፣ ፍየሎቼን ያውቃሉ። ስለዚህ ይህን ነገር ለማንም አትናገርም። ቃልህን ስጠኝ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። የሰጠሁት በእፎይታ መሆኑን ግን መደበቅ አልችልም። ለዓመታት ያንገበገበኝም ይኸው እፎይታ ነው።

ያ መጸዳጃ ቤት እስከ ዛሬ ይሠራል። ከዚያ በኋላ በዚያች ከተማ ሥራ አላጣሁም፤ ከዚያም ሐርጌሳ ተመልሼ ዳሚ ሰፈር ሚስት አገባሁ፣ ልጆች ወለድኩ። ከንቲባውን ግን ሁሉም አለቀላቸው ብሎ ነበር። የሚቀጥለው ምርጫ ሲመጣ ተፎካካሪያቸው፣ «ቂብላ የጠፋው ሰው መንገድ ሊያሳየን?» እያለ በድምፅ ማጉያ ዞረ። እሳቸው ምን አሉ? ሰልፉ ላይ ቆመው፣ «እውነቱን ነው፤ እኔ ሙስቁል ነኝ። አንዴ ተሳስቻለሁ፤ ስለዚህ ስሳሳት ተሳስተሃል ለማለት አትፍሩ» አሉ። ተመረጡ። ከዚያ ወዲህ ንግግራቸውን ሁሉ በዚህ ይጀምሩ ነበር አሉ። ውሃ አስገቡ፣ ድልድዩን አሠሩ፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ የአውራጃው ገዥ ተደርገው ተሾሙ። ሹመታቸውን የሰማሁት እዚያው አሕመድ ዳጋህ፣ ያው መታጠፊያ ላይ፣ ከሻይ ቤቱ ራዲዮ ነው። ጋዜጠኛው ሳይቀር «ሂርሲ ሙስቁል» ብሎ ጠራቸው። ሻይ ቤቱ በሙሉ በደስታ ሲስቅ እኔ ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

ገዥ ከሆኑ በኋላ የሚወራላቸው ብዙ ነው። ሁለት ጎሣዎች በውሃ ጉድጓድ ሲጣሉ መሃላቸው ምንጣፍ አንጥፈው፣ እስኪታረቁ ድረስ እዚያው አድረው፣ እዚያው ሰግደው ነው አሉ የተመለሱት። በድርቁ ጊዜ የመንግሥቱን መኪና ውሃ ማመላለሻ አድርገው ራሳቸው በአውቶቡስ ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያ ቡናማ ኮት ክርኑ ላይ ተጥፎ ነበር። የእኛ ሰው፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል። እኔ ይህን ተረት ስሰማ ያ የተጣፈ ክርን ይታየኛል። ነገር ግን በተመሰገኑ ቁጥር ያ ስም አብሮ ይጠራል፤ እያንዳንዱ ጥሪ እኔን ይወጋኛል። ሚስቴ ዘነበች አንድ ቀን፣ «ቃልህን ከምትጠብቅ ነፍስህን ጠብቅ፤ ሄደህ ተናገር» አለችኝ። ነገ ከነገ ወዲያ እያልኩ ፀጉሬ ነጣ።

ባለፈው ወር አሕመድ ዳጋህ ስሄድ፣ አንዲት ሴት እጃቸውን ይዛ የምትመራቸው ሽማግሌ ከፊቴ መጡ። ከዘራውን አወቅሁት። «ጌታዬ!» አልኩ። ቆሙ፤ ጆሯቸውን አዘነበሉ። ዓይናቸው ፈዟል፤ ብርሃን ይለያሉ እንጂ ሰው አይለዩም። «በላቸው ነህ? ውሃ ልክህስ ደኅና ነው?» አሉኝ። እጃቸውን ሳምኩ፤ እንደ ልማዳቸው ነጠቁኝ። ልጃቸው ሆደን፣ አባቷ ከፖለቲካው መሰናበታቸውን፣ በመጪው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የከተማቸው ሰዎች አንድ ሆቴል ውስጥ ሊያመሰግኗቸው እንደሚሰበሰቡ ነገረችኝ። «አንተም ና» አለችኝ። ቀስ ብዬ ጆሯቸው ሥር፣ «ጌታዬ፣ ቃሌን ይፍቱኝ» አልኳቸው። «የምን ቃል?» አሉና ሳቁ። ሄዱ።

ሐሙስ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ማተቤን ከሸሚዜ በላይ አውጥቼ ሄድኩ። ማን መሆኔ እንዲታወቅ ፈልጌ ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሁሉም እየተነሣ ያመሰግናል፤ ሁሉም «ሙስቁል» ይላል። በመጨረሻ እጄን አወጣሁ። ሶማልኛዬ ዛሬ ይበቃኛል። «ያን መጸዳጃ ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «እሳቸው የበሩን ነገር ስመለስ እንነጋገራለን አሉኝ፤ እኔ አልጠበቅሁም። ወደ ቂብላ ያዞርኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ዋሹልኝ። ይህ ስም የእኔ ነው፤ ከእሳቸው ላይ አንሡልኝ።» ቆሜ ጠበቅሁ። ይነሡብኛል ብዬ ነበር፤ ቢነሡብኝም እውነት አላቸው።

ከፊት ረድፍ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ ተነሡ። ድምፃቸውን ሳልሰማ አላወቅኋቸውም፤ ፋዱማ ናቸው። «አንተ ግንበኛ» አሉ፤ «በዚያ ሳምንት ይህ ሰው ሐርጌሳ እንደነበረ የማያውቅ ማን ነበር? በምርቃቱ ጠዋት ከእኔ ወተት ጋር አይደል የመጣው? ግንባሩ በሱጁድ ስግደት የጠቆረ ሰው ቂብላ ይጠፋዋል? ሁላችንም አውቀናል። እዚያው አውቀናል።» «ታዲያ ስሙን ለምን አወጣችሁበት?» አልኩ። «ሰው ሁሉ ተቆጥቶ ነበር» አሉ። «ካልሳቀ አይበርድለትም፤ ስለዚህ አሳቅኩት። በኋላ ግን ስሙን ያልተውነው በሌላ ምክንያት ነው። ሌላውን ሹም በአባቱ ስም እንጠራለን። ይህን ሰው ግን ያን ቀን በሠራው እንጥራው አልን። በምርጫ ድምፅ የሰጠነውም ለዚያ ስም ነው።» ሊቀመጡ ሲሉ እንደገና ዞሩብኝ። «ስንጠብቅ የነበረው አንተን ነው። ቆየህ፤ ግን መጣህ።»

ሃያ ምናምን ዓመት ተደብቄ ኖሬ፣ የተደበቅሁበት ቦታ ገበያ መሃል ሆኖ ተገኘ። ማፈሬን አልክድም። ከሐፍረቱ የበለጠብኝ ግን መደነቁ ነው። አንድ ሰው ጥፋቴን በትከሻው ሲሸከም፣ ከተማው በሙሉ ደግሞ እንዳላየ ሆኖ አብሮ ይዞለት ኖሯል፤ አንድም ሰው፣ በገበያም ይሁን በጠብ ላይ፣ ይህን ነገር ፊቴ ላይ ጥሎት አያውቅም። ወደ ከንቲባ ሂርሲ አየሁ። አገጫቸውን ከዘራው ላይ አሳርፈው፣ «የጀመርከውን ሳታማክረኝ መጨረስ ልማድህ ነው» አሉኝ በአማርኛ። ሆደን ለሌሎቹ ተረጎመችው፤ አዳራሹ ሳቀ፣ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ወዲያው የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ተጠራ። ሰዉ ተነሣ፤ ወንበሮቹ ወደ ጎን ተገፉ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ። እኔ እንግዳ ነኝና ወደ በሩ ፈቀቅ ስል ስሜን ሰማሁ። ከንቲባው በአዳራሹ መሃል ብቻቸውን ቆመዋል፤ የማያውቁት ክፍል ነው፣ ዓይናቸው አይረዳቸውም። ሆደን በሴቶች በኩል ሄዳለች። በዙሪያቸው የሚሰግድ ወንድ ሞልቷል፤ ሼኾችም አሉ። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በሶማልኛ ጠየቁኝ።

«በላቸው፣ ቂብላ በየት በኩል ነው?»

ማንም አልሳቀም። ሄጄ ሁለት ትከሻቸውን ያዝኩ፤ ወደ ሰሜን፣ ትንሽም ወደ ግራ አዞርኳቸው።